ለእሽቅድምድም አብራሪዎች ዣንጥላ ሳጥፍ

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ጠረጴዛዬን በመጋዝ ቆረጡት። በበሩ አልወጣ ብሎ ነው። ከአንድ ሚኒባስ ይረዝማል፤ መጀመሪያ ጠረጴዛው ተሠርቶ ክፍሉ ኋላ በላዩ የታነጸ ሳይሆን አይቀርም። መጋዝ የያዙት ሁለት ጎረምሶች ትሑቶች ነበሩ፤ የቱ ጋ ብንቆርጠው ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። «የትም ጋ» አልኳቸው። ቁልፉን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቤ፣ ካፖርቴን ለብሼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆምኩ። ኬክ ተቆርሶልኛል፤ አልዋሽም። ኬኩ ግን ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የታዘዘ ነበር።

ሥራዬ ዣንጥላ ማጠፍ ነበር። የዝናቡን ሳይሆን ሰው ከአውሮፕላን ሲዘል የሚይዘውን፣ ፓራሹት የሚሉትን። ከኦስሎ ወጣ ብሎ፣ ሣር በለበሰ ትንሽ ሜዳ ዳር፣ አሮጌ አውሮፕላን የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች ማኅበር አለ። አውሮፕላኖቹ ከአብራሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው፤ ከዓለም ጦርነት ዘመን የተረፉ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ጩኸታቸው ደረት ውስጥ የሚገባ። በበጋ እሑድ እሑድ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ፣ ብርቱካናማ ምሰሶዎችን እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። አንድ ነገር ሲሰበር አብራሪው የቀረው መውጫ በጀርባው ያዘለው ዣንጥላ ብቻ ነው። ያንን የማጥፈው እኔ ነበርኩ። አሁን በሣጥን ታሽጎ ውጭ አገር ይላክና ታጥፎ ይመለሳል። የእኔም ዕድሜ ደርሷል፤ ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት አይታዘዙኝም። ቅር አይለኝም።

ሙያውን የተማርኩት ደብረ ዘይት፣ ወታደር ሳለሁ ነው። ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባሉ አለቃ ነበሩን። ያጠፍነውን በተርታ ያስደረድሩና ድንገት አንዱን አንሥተው «ይኼ የማን ነው?» ይላሉ። «የእኔ ነው» ያለ ሰው በማግስቱ እሱኑ አዝሎ ይዘላል። እኔም ዘልያለሁ፤ ሁልጊዜም ዓይኔን ጨፍኜ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ እኔም ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር በኬንያ በኩል ዞረን ኖርዌይ ገባን። ስለዚያ መንገድ ብዙ ሰው ስለተናገረ አልደግመውም።

ኦስሎ ውስጥ መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ቢየርቪካ የሚባለው የከተማው ወደብ ፈርሶ የመስታወት ቢሮ ሲሆን እኔ ያየሁት ከወለሉ ነው። አስቴር በአረጋውያን ቤት ተቀጠረች። ሮምሶስ የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘን፤ ልጃችን ሰላም እዚያ ተወለደች። ኑሮ ነው፤ አላማርርም። እጄ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።

አንድ ቀን ከማጸዳው ቢሮ ሻይ ክፍል ግድግዳ ላይ የአውሮፕላን እሽቅድምድም ማስታወቂያ አየሁ። ውድድሩ እሑድ ነበር።

«እሑድማ ጸሎት አለን» አለች አስቴር። እሷ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች።

«አንድ እሑድ ብቻ» አልኳት።

አንድ እሑድ ብቻ ያልኩት ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ።

በዚያ እሑድ ውድድሩን ብዙም አላየሁ። ከአውሮፕላን መጋዘኑ ጀርባ አንድ መስኮት ተከፍቶ አየሁ፤ ውስጡ ያ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ የተዘረጋ ነጭ ጨርቅ፣ አጠገቡ ጎንበስ ያሉ ቀጭን ሽማግሌ። አርነ ይባላሉ። በኖርዌጅኛ አንቱታ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ» ነው። እኔ ግን በልቤ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብያቸው አላውቅምና እዚህም አንቱ እላቸዋለሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ወጡና «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«እኔም እችላለሁ» አልኩ። ያኔ ከዚህ የረዘመ ኖርዌጅኛ አልነበረኝም።

አንድ ዣንጥላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውልኝ፣ በሩን ዘግተውብኝ ሄዱ። አጥፌ ጨረስኩ። ተመልሰው መጡና ምንም ሳይሉ የመክፈቻውን እጀታ ሳቡት፤ የደከምኩበት ሁሉ ቦግ ብሎ ተበተነ። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ። «እንደገና» አሉኝ። አጠፍኩ። ሳቡት። «እንደገና።» ሲመሽ «ቅዳሜ ና» አሉኝ። ቅጥሬ ይኸው ነበር። ደመወዙ የግማሽ ቀን ነው፤ የጽዳት ሥራዬን ሌላውን ግማሽ ይዤ ቀጠልኩ።

አርነ ጨርቁን ከመንካታቸው በፊት የጋብቻ ቀለበታቸውንና ሰዓታቸውን አውልቀው በአንዲት የቆርቆሮ ክዳን ላይ ያስቀምጣሉ። እጃቸውን ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባሉ፤ ቅባት ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ክፍሉ ውስጥ ምሳ አይበላም፤ ፍርፋሪ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ ሐር መሰል ነገር ይወዳል። በረዶም ቢጥል ማትፓካቸውን፣ ያን በወረቀት የተጠቀለለ ዳቧቸውን፣ ደጅ ቆመው ነው የሚበሉት። በጸደይ ዣንጥላዎቹን ሁሉ ፈትተው ከጣሪያው ይሰቅላሉ። በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ስትሄድ ጨርቁ ራስህን ይዳስስሃል።

ከሁሉ የበለጠው ዝምታቸው ነው። እያጠፉ ሳለ ሰው ከተናገራቸው፣ የደረሱበት ቢደርሱ፣ ሁሉንም ፈትተው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ስለዚህ በሩ አጠገብ አንዲት ወንበር አኑረዋል፤ የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ አፉን ይዘጋል። የማኅበሩ ሊቀመንበርም ቢሆን። ስልክ ሲጮኽ ይጮኻል።

ሥራው በራሱ እንዲህ ነው። ጨርቁን በርዝመቱ ትዘረጋለህ፤ ገመዶቹን ግራና ቀኝ ትለያለህ፤ አንዱ በሌላው ላይ ካለፈ አይሆንም። ጨርቁ የተሰፋባቸውን ቁራጮች እንደ ሽንሽን ቀሚስ አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለህ፤ በየመሐሉ የገባውን አየር በመዳፍህ ታስወጣለህ፤ እንዳይንሸራተት በአሸዋ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ትጭንበታለህ። ገመዱን እጥፍ እጥፍ አድርገህ በላስቲክ ቀለበቶች ውስጥ ታስገባለህ። በመጨረሻ ያ ሁሉ ጨርቅ ከትራስ በሚያንስ ማህደር ይታሸጋል፤ እጀታው ሲሳብ በሚወልቅ መርፌ ይቆለፋል፣ በቀላሉ በሚበጠስ ቀይ ክር ይታሰራል። ከመዝጋትህ በፊት ከረጢቶቹንና መሣሪያዎቹን ትቆጥራለህ። አንዲት ከረጢት በውስጡ ከቀረች ዣንጥላ አይደለም፤ ሬሳ ሣጥን ነው። አርነ ቆጥረው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፈርዲ!» ይላሉ፤ አለቀ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ይኸ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያሉ ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ዣንጥላ አጣፊ ነኝ» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ «አጥፊ» ብለው ሰምተውኝ ደነገጡ። አስቴር ለዓመታት ሳቀችብኝ፤ ስትጠራኝም «አንተ አጥፊ» ትል ጀመር።

ከአርነ ጋር ሳለሁ አንድ ሰው በእኔ እጥፋት ተርፏል። ኢቫር የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። ምሰሶውን ዞሮ ሲወጣ ሞተሩ እሳት ያዘ። ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው እሳት ሲያይ መሬቱ ስለሚቀርበው ማረፍ ነው የሚያምረው። ትምህርቱ ግን ተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ፍጥነትህን ወደ ከፍታ ቀይረው፣ ሽቅብ ውጣ፣ ከዚያ ዝለል። ኢቫር ወጣ፤ ዘለለ፤ ድንች እርሻ ላይ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። በሳምንቱ በክራንች መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። አርነ «ያጠፈው እሱ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ኢቫር ትክ ብሎ አየኝ፤ አንድ የመጠጥ ጠርሙስ አስቀምጦ ሄደ። አውሮፕላኑን ሸጦ ሁለተኛ እዚያ ሜዳ አልደረሰም። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። አርነ ግን «እኛን ሲያይ ያንን ቀን ያያል፤ ተወው» አሉኝ።

አርነ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ወንበሯ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ ክረምት ቀሩ። ቀብራቸው ላይ ልጅም ዘመድም አልነበረም፤ ከማኅበሩ ጥቂት ሰዎች፣ ቄሷ፣ እኔ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእኔ ብቻ ሆነ። «ፈርዲ» ስል የሚሰማኝ ግድግዳው ነው።

ያ ዝምታ ከክፍሉ አልቀረም፤ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤት ገባ። አስቴር ከሥራ መጥታ ስለ አሮጊቶቿ ታወራልኛለች፤ እኔ እሰማለሁ፣ መልስ ግን አላወጣም።

«አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነህ» ትለኛለች።

«ኧረ እዚሁ ነኝ።»

«እጅህ እኮ እያጠፈ ነው። እየው።»

እውነትም ጣቶቼ የገበታውን ጨርቅ ጫፍ ይዘው ይደርቡ ነበር። እሑድ እሷ ወደ ጸሎት፣ እኔ ወደ ሜዳው፤ ሰፈራችን አጠገብ ግሮሩድ ጣቢያ ላይ ባቡሩና አውቶቡሱ ይለያዩናል። ስትታመም ሥራ ቀንሼ አጠገቧ ነበርኩ። ሰላም ከምትኖርበት ከትሮንሃይም እየተመላለሰች አገዘችን። አስቴር በጸደይ ዐረፈች። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር፤ የሷን ሰዎች ግን አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም። ተራ በተራ እጄን እየጨበጡ የማላውቃትን አስቴር፣ የምታስቀዋን፣ የምትዘምረዋን ነገሩኝ።

ሃልቫር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአብራሪዎቹ አንዱ፣ የእንጨት ጀልባ የሚሠራ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ሰው ነበር። ዣንጥላውን ሊወስድ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ የሌላ ሰው እያጠፍኩ ስለነበር ጠበቀ። ጨርሼ የሱን ስሰጠው «ትንሽ ብቀመጥ ይከፋሃል?» አለኝ። ተቀመጠ። በሌላው ሳምንትም መጣ፤ የሚወስደው ነገር አልነበረውም። ቴርሞሱን ደጅ ያኖራል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል። እኔ አጥፋለሁ፤ እሱ ያያል። ከዚያ ደጅ ቆመን ቡናውን እንጠጣለን። ስለ እንጨት ይነግረኛል፤ የቱ እንጨት ውኃ ሲነካው እንደሚያብጥ፣ የቱ እንደሚሰነጠቅ። እኔም ስለ አስቴር ነገርኩት። በኖርዌጅኛ ስለ አስቴር ያወራሁት ለእሱ ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ጥንት ለምልምል አብራሪዎች ማሠልጠኛ የነበረ፣ ብር መልክ ያለው ነው፤ መቀመጫው ለሱ ቁመት ጠባብ። አንድ ቀን «ጉልበቴ አፍንጫዬን ሊነካ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌሎችም ግዙፍ ሰዎች በጠባብ መቀመጫ ይበሩ ነበር፤ ሁላችንም ለምደነዋል።

የበጋው የመጨረሻ ውድድር ቀን ነፋሱ ለስላሳ ነበር። እኔ እንደ ሁልጊዜው አምቡላንሱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሃልቫር ሁለተኛ ነበር። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ምሰሶውን ሲዞር፣ ከጭራው አንድ ነገር ተፈናጥሮ ሲወድቅ አየሁ። ኋላ እንደተነገረን ቀለም ሥር የተሸሸገች ስንጥቅ ነበረች፤ መካኒኩም ቢሆን በዓይኑ ሊያያት አይችልም። አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃልቫር የተባለውን አደረገ፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ሰማይ አቀና። «ውጣ፣ ውጣ፣ ውጣ» እላለሁ፤ በአማርኛ ነበር የምለው። የመቀመጫው የመስታወት ክዳን ተገንጥሎ በረረ። ሃልቫር ብድግ አለ። ቆመ። መልሶ ተቀመጠ። እንደገና ብድግ አለ። ከዚያ ወደቀ። ዣንጥላው ከጀርባው ወጣ፤ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ፣ ነጭ፣ ረጅም ሆኖ ወጣ። መሬት ሲደርስ ገና አልተነፋም ነበር።

ሮጥኩ። አንድ የአደጋ ሠራተኛ ደረቴን ይዞ አቆመኝ። «የኔ ነው» አልኩት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም።

መርማሪዎች ዣንጥላውን ለመፈተሽ ረጅም ጠረጴዛ አስፈለጋቸው፤ በአካባቢው ደግሞ የእኔ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ እኔው ክፍል አመጡት። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ናቸው፤ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች። እንድቀመጥ ወንበሯን አሳዩኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እነሱ በጓንት እያንዳንዱን ገመድ ሲለኩ፣ ስፌቱን በማጉያ ሲያዩ፣ እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዋልኩ። ጨርቁ ላይ ሣር ነበረበት።

አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀች። «ዣንጥላው ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ከፍታ ነው» አለችኝ።

ሰዎች መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፤ እንኳን ነፃ ወጣህ አሉኝ። ሰላምም ደውላ አለቀሰች፤ «አባዬ፣ እንኳን ያንተ ጥፋት አልሆነ» አለች። አውቃለሁ፣ ከፍቅር ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን የባሰ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም። ጥፋቴ ቢሆን ኖሮ የሚካፈለኝ ሰው፣ የሚቆጣኝ ሰው ይኖር ነበር። ንጹሕ ነህ ብለውኝ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ ጓደኛዬ ግን ሞቷል።

ሃልቫር ለምን ብድግ ብሎ መልሶ እንደተቀመጠ ያወቅነው ተመልካች ከቀረጸው ፊልም ነው። የራስ ቁሩ የሬዲዮ ገመድ አልተነቀለም ነበር፤ ጎትቶ አስቀመጠው። ሲነቅለው ጥቂት ሰከንድ ሄደ። ከፍታው የሄደው በእነዚያ ሰከንዶች ነው። መካኒኩ ሞተሩን ያያል፤ ዳኛው ምሰሶውን ያያል፤ እኔ ዣንጥላውን አጥፋለሁ። ሰውየው ከዚያ ጠባብ ጉድጓድ እንዴት እንደሚወጣ ማየት የማንም ሥራ አልነበረም።

ሚስቱ ሊቭ አንድ ቀን ብቻዋን መጣች። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ ጠረጴዛው ጫፍ ቆመች።

«ተከፍቶ ነበር?» አለችኝ።

«መከፈት ጀምሮ ነበር።»

«እጀታውን ሳበው ማለት ነው?»

«አዎ፣ ስቦታል።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር። ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ፣ ወይስ እየሞከረ እንደሆነ።» ቀጥላም «እዚህ መጥቶ ምን ታወሩ ነበር?» አለች።

«አብዛኛውን ጊዜ ምንም።»

ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔም እጄን የት እንደማኖር አላወቅሁም። ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በቀጣዩ ጸደይ አብራሪዎች ዣንጥላቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አልሰጠኋቸውም። «መጀመሪያ አውሮፕላንህ ውስጥ ተቀመጥ» አልኳቸው። የአስቴርን ጥቁር ሻሽ ከቤት ይዤ መጥቻለሁ። ዓይናቸውን አስራለሁ፤ ጢስ ሲገባ ዓይን አይሠራምና። ከዚያ፦ ክዳን፣ ገመድ፣ ቀበቶ፣ ውጣ። አራት ቃል ነው፤ ገመዱ ያ የሬዲዮው ገመድ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቀበቶው ነው። ሁለት መቆለፊያ አለ፤ አንዱ የመቀመጫው፣ አንዱ የዣንጥላው። የደነገጠ እጅ ሁለቱንም ይፈታል፤ ሰውየው ይዘልና ዣንጥላው ለብቻው ይቀራል። ስለዚህ እጃቸውን ይዤ፣ ብረቱን እያስዳበስኩ፣ ይኼ አዎ፣ ይኼ አይሆንም እያልኩ አስለመድኳቸው።

የውድድሩ ኃላፊ ሩነ ሰማና መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ተጨንቋል።

«ይኼ እኮ ያንተ ሥራ አይደለም» አለኝ።

«የማን ነው?»

«ደንቡ ውስጥ የለም። ሰዎች እየተቆጡ ነው። ልክ እንደ ሕፃን ዓይናችንን ያስረናል ይላሉ።»

«እንግዲያው ዣንጥላቸውን ሌላ ቦታ ያሳጥፉ።»

አንዳንዶቹ እውነትም ሌላ ቦታ ወሰዱ። ሰላምታ የነፈጉኝም አሉ። ሰላም በስልክ «አባዬ፣ ስላፕ አቭ! ትንሽ ዕረፍ በቃ። በዚህ ዕድሜህ ከሰው ጋር ምን ያጣላሃል?» አለችኝ። ቅዳሜ ወንበሯ ባዶዋን ትውላለች።

ከዚያ ወቅት አንድ ቀን አይረሳኝም። ኬቲል የሚባል የብዙ ጊዜ አሸናፊ ነበር፤ ፀጉሩ የነጣ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው። ያለ ክርክር መጥቶ ተቀመጠ፤ ሻሹን አሰርኩለት። «ጀምር» አልኩት። ክዳኑን ከፈተ። ገመዱን ነቀለ። ትክክለኛውን ቀበቶ ፈታ። ከዚያ ሊነሣ ሞከረ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ፤ ዳሌው አልነሣ አለው። እንደገና ሞከረ። ሦስተኛ ሳይሞክር ተወው፤ ዓይኑ እንደታሰረ ተቀመጠ። በአካባቢው ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

«ስገባ ሁልጊዜ ልጄ ያግዘኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ስወጣም ያግዘኛል። አላስተዋልኩትም።»

«ቆይ፣ ላግዝህ።»

«ለማንም አትናገር።»

በብብቱ ይዤ አወጣሁት። ሻሹን ራሱ ፈታ፤ አጣጥፎ ሰጠኝ። በማግስቱ ከውድድር መውጣቱን አስታወቀ፤ ጀርባዬን አሞኛል አለ። እኔም አልተናገርኩም፤ አሁን እሱም ስላረፈ ነው የማወራው። በኋላ መንገድ ላይ ሲያየኝ መኪናውን አያቆምም ነበር። የሚወደውን ነገር ቀምቼዋለሁ። ምናልባት ነፍሱን አትርፌለታለሁ። የትኛው እንደሆነ ለእሱም ለእኔም የሚነግረን አልነበረም።

ከወጣቶቹ ማሪት የምትባል ልጅ ነበረች። እየሳቀች ነው የምትሠራው፤ መሳቋ ያናድደኝ ነበር። «እንደገና» እላታለሁ። «ዓይኔን ጨፍኜ ካልሲዬንም ላውልቅልህ?» ትለኛለች። «እንደገና።» ከሁሉ ፈጣን እሷ ሆነች። ቀስ በቀስ የተቀየሙትም አንዳንዶቹ ተመለሱ። ሩነ ልምምዱን ደንብ ውስጥ አስገባው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን የማጠፉ ሥራ ወደ ውጭ ሄደ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታ ስትወጣ ቤት ውስጥ ብዙ ድምፅ አለ። ማቀዝቀዣው፣ ሊፍቱ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን። ጠዋት ጫካው ዳር ትንሽ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ግሮሩድ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። እዚያ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት አሉ፤ ባርኔጣ አይለያቸውም። «ደህና አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ከዚህ አልፈን አናውቅም። ለዓመታት።

በዚህ በጋ አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ማሪት ነበረች። ድምፅዋን አላወቅሁትም፤ አትስቅም።

«ዛሬ ዘለልኩ» አለችኝ።

ሞተሩ በልምምድ ላይ ተሰብሮ የፊት መስታወቱን ዘይት ሸፈነው። ምንም አላየችም። ሽቅብ ወጣች፤ ክዳን፣ ገመድ፣ ቀበቶ።

«እኔ አይደለሁም ያደረግሁት። እጄ ነው። እጄ ብቻውን ሄዶ ገመዱን ነቀለው። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«ዣንጥላውን ያጠፍከው አንተ አይደለህም፤ አውቃለሁ። ግን አንተን ሳላገኝ ቤት መግባት አልቻልኩም።»

«ተጎድተሻል?»

«ጥርሴ ከንፈሬን ነክሶታል። በቃ።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሰው አጠገቧ እንዳለ ጠየቅኋት፤ እናቷ እየመጣች እንደሆነ ነገረችኝ። እናቷ እስክትደርስ አልዘጋሁም።

ስልኩን ዘጋሁ። ለአስቴር ልነግራት ብድግ አልኩ፤ ብድግ ካልኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። መልሼ ተቀመጥኩ። ሰላም ሥራ ላይ ናት። ወደ ጎኔ ዞርኩ። ባለ ባርኔጣው አዛውንት ያዩኝ ነበር።

«ክፉ ወሬ ነው?» አሉኝ፤ አማርኛቸው የድሮ አዲስ አበባ አማርኛ ነው።

«አይ፣ ደግ ነው። አንዲት ልጅ ከሚወድቅ አውሮፕላን ወጥታ ተረፈች።»

«ልጅህ ናት?»

«አይደለችም» አልኩ። ይኸን ሁሉ ዘመን እንኳን ለሰው ለራሴም በአማርኛ አውርቼው አላውቅም ነበር። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

አዛውንቱ ከዘራቸውን ወደ ሌላው ጎን አዛወሩና ወደ እኔ ተጠጉ።

«እኔ ተስፋማርያም እባላለሁ» አሉ። «አንተን ማን ልበል?»

«ግርማ።»

«በል ግርማ፤ ቸኩዬ አይደለሁም። ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር መጣ፣ በሮቹ ተከፈቱ፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።